መውደቅ የምታውቅ ልጅ

አሰላ፣ ግንቦት 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ተመረጡ! እትዬ፣ የአሰላ ልጆች ተመረጡ! ዘርትሁንሽ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው! ከመላው አርሲ ክፍለ ሀገር ከመጡት ቡድኖች ሁሉ መራጮቹ የወሰዱት የእኛን ነው። ከክረምቱ በፊት ገብተው፣ ከውጭ አገር ከመጡ አሠልጣኞች ዘንድ ሰርከስ ሊማሩ ነው። ስሟን በድምፅ ማጉያ ሲጠሩት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እልል በይ! ብቻሽን ብትሆኚም እልል በይ፤ ጎረቤት ደንግጦ ይምጣ።

ውድ እህቴ እትዬ የሺሃረግ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሰው ሰላም ልበልሽ። እንዴት ከርመሻል? ጋሼ ሣህሌስ እንዴት ናቸው? ያ የወገባቸው ነገር ተሻላቸው? የዲክሲስ ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ ደህና ነን። ማለቴ ልጅሽ ደህና ናት። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፣ ፊቴ ነው የታመመው። ከቅዳሜ ወዲህ ከቤት ስወጣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ጎትቼ ነው። ደስ ብሎኝ መሳቅ እጀምርና መሃሉ ላይ ነገሩ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ደስታና ሀፍረት አንድ ላይ ሲመጡ እንዲህ ሰውን እንደሚያንገላቱ አላውቅም ነበር።

ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት የለየሽው ፊደል ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው? ቀስ እያልሽ አንብቢ እንጂ ለማንም አስነባቢ አትስጪ። ለጋሼ ሣህሌ ስታነቢላቸውም «ዝለይ» ያልኩሽ ቦታ ስትደርሺ ዝለይላቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሁሩታም የኢተያም ሰው ነበረ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም።

ዘርትሁንን ለትምህርት ወደ እኔ ያመጣሻት ጊዜ አውቶቡስ ተራ ላይ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? «ብርቄ፣ ስንት ዓመት ለምኜ ያገኘኋት አንዲት ናት፤ እጅ እግሯን አደራ» አልሽኝ። ስለ ምግቧ አላልሽ፣ ስለ ትምህርቷ አላልሽ። እጅ እግሯን። እኔም ያንን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ ኖርኩ። ሸንኮራ ስትልጥ ቢላዋውን የምቀማት እኔ፤ ሲዘንብ ጭቃው ያንሸራትታታል ብዬ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የምሸኛት እኔ። የክፍል ጓደኞቿ «ዘርትሁን፣ ፖሊስሽ መጣች» ይሏት ነበር።

ከዚያ የቀበሌያችን ኪነት ገባች። ይህን ጽፌልሽ «ይሁን፣ የወጣት ነገር ነው፣ እምቢ ቢሉስ መቼ ይቀራል» ብለሽ መለስሽልኝ። አንቺ መዝሙርና እስክስታ መስሎሽ ነው። እኔም መስሎኝ ነበር። ለካ ፈቃደ የሚባል የስፖርት አስተማሪ፣ ሶቪየት አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመድ መሬቱን የሚረግጥ የማይመስል ሰው፣ ከኪነቱ መሃል ልጆች ለይቶ ሰርከስ የሚባል ነገር ጀምሯል። የመጀመሪያው ቀን ሄጄ ጠየቅሁት።

«አንበሳና ዝሆን አለው?»

«የለውም፣ ወይዘሮ ብርቄ። ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይወጣል፣ ይገለበጣል፣ ይወድቃል።»

«ይወድቃል?»

«አዎ። መጀመሪያ የምናስተምረው እሱን ነው።»

ከዚያ ወዲህ በላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ «ዘርትሁን ስፖርት ትሠራለች» ነው ያልኩት፤ ዋሸች አይባልም መቼም።

ላስቀራት ብዬ ሳልሞክር ቀርቼ መሰለሽ? ሞከርኩ። ልጅቷ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄደው ልጅ ደረቷን ነፍታ መሄድ ጀመረች፤ ትምህርቷም ተሻሻለ። ስለዚህ ከምከለክላት ልጠብቃት ብዬ እኔም አብሬ ገባሁ። የሚወድቁበትን ፍራሽ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ሁለቱን እየገጠምኩ፣ የስንዴ ጭድ እየሞላሁ፣ አፉን በሲንጀር መኪናዬ እዘጋ ነበር። ቱታቸውንም ሰፋሁ። ልምምድ ሲኖር ጥግ ላይ ተቀምጬ ስጠቅም እውላለሁ። ዘርትሁን መጀመሪያ ቁጭ ብላ ወደ ጎን መውደቅ ተማረች፤ ቀጥላ ተንበርክካ፤ ቀጥላ ቆማ። አገጭ ወደ ደረት፣ ትንፋሽ ሳይታፈን፣ እጅ ወደ ኋላ ሳይዘረጋ። «መሬት ልትደገፊ እጅሽን ከዘረጋሽ የሚሰበረው እጅሽ ነው» ይላታል ፈቃደ። እኔ ይህን ሁሉ አየሁ፣ ሰማሁ። ሰው ይህን ሁሉ አይቶ ይማራል አይደል? አትቸኩዪ።

በኋላ የክምሩ ትርኢት መጣ። ፈቃደ ለአርሲ ሰው የሚያውቀውን ነገር ላሳየው ብሎ ያወጣው ነው። አራት ጎረምሶች ተቃቅፈው እንደ ስንዴ ክምር ግርጌ ይሆናሉ፤ ትከሻቸው ላይ ሁለት ይወጣሉ፤ በሁለቱ ትከሻ ላይ ዘርትሁን ትቆማለች፤ ቢጫ አልብሼያታለሁ። ጫፉ ላይ ሆና ነፋስ እንዳገኘው ዛላ ወዲህ ወዲያ ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍንና እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ትወድቃለች። ከታች ደግሞ ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚቀልቧት አራት ልጆች አሉ፤ ተቀባዮች ይባላሉ። ከመውደቋ በፊት «ተቀባይ!» ብላ ትጣራለች፤ እነሱ «አለን!» ሳይሏት አትወድቅም። ሕጉ ይኸው ነው።

እኔ ግን ያን መውደቅ አንድም ቀን አላየሁትም። ዘርትሁን ጫፍ ስትደርስ ክር ያልቅብኛል። ክር ካላለቀብኝ ሽንቴ ይመጣል። (ይህን ለጋሼ ዝለይላቸው።) ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ፣ ጭብጨባው ሲሰማኝ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ መራጮቹ ከአዲስ አበባ መጡ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እኔ ልብሱን የሰፋሁ ተብዬ ፊት ወንበር ላይ፣ የክብር ቦታ ተሰጠኝ። ከፊታችን የመራጮቹ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወዲያ መድረኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጉደታ አዲሱን ካኪውን ለብሶ ከመራጮቹ ጎን ጉብ ብሏል። ለመውጣት ዞር ብል በየት ልውጣ? ሰው እንደ ስንዴ ተጠቅጥቋል።

«ተቀባይ!» አለች። «አለን!» አሉ። ሁለቱንም አልሰማሁም። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህቴ ልጅ ከሰው ክምር ጫፍ ላይ ወደ ኋላ ስትሄድ። «እኔን!» አልኩ። ድምፁ ከየት እንደ ወጣ አላውቅም። ከኋላዬ አዳራሹ በሙሉ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብሎ ተነሣ። እነሱ መነሣት ብቻ ነው የተነሡት። እኔ ሮጥኩ።

በመራጮቹ ጠረጴዛ በየት በኩል እንዳለፍኩ፣ መድረኩን እንዴት እንደ ወጣሁት አትጠይቂኝ። ከተቀባዮቹ አንዱን ልጅ በትከሻዬ ገፍትሬ ጣልኩና በእሱ ቦታ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ልጅሽ ደረቴ ላይ ወደቀች፤ እኔ በጀርባዬ ተዘረርኩ፤ የቀሩት ተቀባዮች በላያችን መጡ። የክምሩ ግርጌ ጎረምሶች ምን ተፈጠረ ብለው ዞር ሲሉ ደግሞ ክምሩ ሁሉ ተናደ። «ያ ዋቃ!» ብሎ አምላኩን ሲጠራ የሰማሁት ጓድ ጉደታን ነው። አንድ እግር ጫማዬ በርሮ ሄዶ መራጮቹ ጠረጴዛ ላይ፣ የውሃ ብርጭቆ ደፍቶ ውሃው መሃል አረፈ። ቀሚሴ የት ደርሶ እንደ ነበር አልነግርሽም። ይህንንም ዝለይላቸው።

ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከመራጮቹ ዋናዋ፣ መነጽር ያደረገች ደልደል ያለች ሴት፣ ጫማዬን በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለች።

ጓድ ጉደታ፣ ለፋሲካ እኔ ቤት ዶሮ በልቶ የሄደው ጉደታ፣ «አላውቃትም። ከሌላ ቀበሌ ትሆናለች» አላለም መሰለሽ!

ጎረቤቴ ሀጂራ፣ ያቺ ባለ ሱቋ፣ ከኋላ ሆና «ኧረ ወላሂ ጓድ ሊቀመንበር! የለበስከውን ካኪ የሰፋችልህ ብርቄ ናት እኮ!» ብላ ጮኸች። በዚህ ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መራጮቹ ግን አልሳቁም። «የሚቀጥለው ቡድን» አሉ።

ገባሽ? የልጆቹን ሁሉ ዕድል ነው የደፋሁት፤ የዘርትሁንን ብቻ አይደለም። ጓድ ጉደታ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «ጓዲት፣ ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ሻጥር ነው የሚባለው» አለኝ። እኔ እንኳን ሻጥር ልሠራ ጫማዬንም አላገኘሁ። የሌሎቹ ልጆች እናቶች ክፉ አልተናገሩኝም፤ ምን ብለው ይናገሩኝ? ሁሉም «እኔን!» ብለዋል። ልዩነቱ እኔ ፊት መቀመጤ ነው።

ዘርትሁንን ከአዳራሹ ጀርባ፣ የጭዱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ ክንዷን፣ ጉልበቷን፣ ቁርጭምጭሚቷን መዳሰስ ጀመርኩ።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«እዚህስ?»

«አክስቴ፣ ተይኝ።»

«የእናትሽ አደራ አለብኝ እኮ፣ ዘርዬ!»

ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «ዓይኔን ጨፍኜ የምወድቀው ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «ከታች እነማን እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ዛሬ ጀርባዬን የነካኝ የማላውቀው እጅ ነው። ይህን ነገር ከጀመርኩ መውደቅ ያስፈራኝ ዛሬ ብቻ ነው።»

የማላውቀው እጅ! እትዬ፣ ፀጉሯን የምሠራት እጅ፣ ልብሷን የሰፋ እጅ!

«አንቺ አታምኝኝም» አለች ቀጥላ። «ጫፍ ስደርስ ሁልጊዜ ክር ያልቅብሻል።»

ለካ ታውቃለች። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና በሩን ታይ ኖሯል። ስወጣ እያየች ነው ስትወድቅ የኖረችው። እኔ የሮጥኩት በፍቅር ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። የአዳራሹ ሳቅ ምንም አይደለም። ያፈርኩት እሷን ነው።

ተነሥቼ ወደ ሀጂራ ሱቅ ሄድኩ፣ በአንድ ጫማ። «ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ሰው ያስቀየመ ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል።»

«ለመራጭ ሽማግሌ ይላካል እንዴ?»

«መራጭ ሰው አይደለም?»

ላክን! የሀጂራን ባል፣ የእድራችንን ዳኛ፣ ሦስተኛ ራሱን ጓድ ጉደታን። አላውቃትም ብሎ የካደኝ ሰው ለእኔ ሽማግሌ ሆነ፤ ቀበሌው እንዳይቀርበት ነው። መራጮቹ ምሳ ከሚበሉበት ሆቴል ገብተው፣ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔ በሩ ጋ ተደብቄ እሰማለሁ። ባለ መነጽሯ ሴት ጥብሷን አቁማ፣ «ምን ፈልጋችሁ ነው? እኔ እንኳ ለመዳር የደረሰ ልጅ የለኝም» አለች። የእድሩ ዳኛ «ልጅስ ይዘን መጥተናል፤ አጥፊዋ ያቻትና» ብሎ በእጁ ወደ በሩ አሳየ። ወጣሁ። ምን ይደረጋል?

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጫማዬን ከወንበሩ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ደረቅ ነበር፤ አስደርቃልኛለች። «ልጅሽ ናት?» አለችኝ።

«የእህቴ። አደራ ናት።»

የጥብሱን ሳህን ገፋ አደረገችና፣ «ነገ ጠዋት ከመሄዳችን በፊት አንድ ጊዜ አያለሁ» አለች። «ግን ሰው ይኑር። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማንም ይችላል። የእናንተ ሰው ልጅ አየር ላይ እያለች እንዲህ ከጮኸ ደግሞ፣ አንድ ቀን ተቀባዮቹ ዘወር ይላሉ፤ ያን ጊዜ የእውነት ትወድቃለች። ዝም ብሎ ማየት የሚችል ሰው አምጡልኝ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ጉደታ በድምፅ ማጉያ «አዳራሽ ያልመጣች እናት የዚህ ወር ስኳር የላትም» ብሎ አስለፈፈ። ማን ይቀራል? ፈቃደ መድረኩ ላይ ቆመ።

«እናቶቼ፣ ልጆቹን አሠልጥኛለሁ። እናንተን ግን ረሳኋችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ወንበር ላይ ወጥቼ እወድቃለሁ። እናንተ ዝም ትላላችሁ። ይኸው ነው።»

«ይህቺማ ምን አላት!» አለች ሀጂራ።

ወጣ፣ ወደቀ። «እኔን!» አለ አዳራሹ፤ ከሁሉ በላይ የሀጂራ ድምፅ።

«ዝም በሉ ብያለሁ እኮ!»

«ዝም ብለን ነበር። አንተ ነህ የወደቅኸው» አለች አንዲት አሮጊት።

እንደገና ወደቀ። «እኔን!» እንደገና። አሁን ድምፁ ትንሽ ቀነሰ፤ ግን አሮጊቷ ተነሥታ ሱሪውን ልታራግፍለት ሄደች። መጨረሻ ላይ መላው ሲጠፋው ጭድ የተሞላ ከረጢት ከጠረጴዛ ላይ ገፍትሮ ጣለ። ለከረጢቱም «እኔን!» አልነው። ፈቃደ ሳቁን መቻል አቅቶት መድረኩ ላይ ቁጭ አለ፤ እኛም እርስ በርስ ተያይዘን ሳቅን።

«አፌ እኮ ሳልነግረው ነው የሚናገረው፣ ወላሂ» አለች ሀጂራ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«እንግዲያው ሥራ ስጡት። ነጠላችሁን ንከሱ» አለ ፈቃደ።

ነከስን። ያ ሁሉ ሴት ነጠላ ነክሶ፣ ዓይን ዓይኑን አፍጥጦ! ጠላት ይየን። ግን ሠራ። ወደቀ፤ ዝም። ወደቀ፤ ዝም። አፋችን እንጂ ሌላው አካላችን ዝም አላለም፤ ወንበሩ ሁሉ ሲንቋቋ ይሰማል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሮ ብርቄ፣ እርስዎ ወደዚህ ይምጡ» አለኝ። ከተቀባዮቹ አንዱን አወጣና እኔን አስገባኝ፤ ያንኑ ጠዋት የገፈተርኩትን ልጅ። ፊት ለፊቴ ካለችው ልጅ ጋር ክንድ ለክንድ አያያዘኝ። «ጉልበትዎን ለቀቅ ያድርጉት። ክርንዎን አያድርቁ። ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ።» ዘርትሁን ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጠችን። ጠረጴዛ ብቻ ናት፣ ከወገቤ አትበልጥም፤ እኔ ግን ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ ነከስኩ።

«ተቀባይ!» አለች።

ሦስቱ «አለን!» አሉ። አልወደቀችም። ቆየች። አዳራሹ ይጠብቃል። «ተቀባይ!» አለች እንደገና፣ አሁን ጠንከር አድርጋ። እኔን ነው የምትጠብቀው።

«አለሁ» አልኩ፣ በነጠላዬ ውስጥ።

ወደቀች።

እትዬ፣ ይህቺን ልጅ በአራስ ቤት ታቅፌያታለሁ። ክብደቷን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ይህ ሌላ ነው። ያላትን ሁሉ ነው የሰጠችን፤ ትንሽ እንኳ ለራሷ አላስቀረችም። ክንዳችን ላይ ስታርፍ ዓይኗ እንደ ተጨፈነ ነው፣ ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ገለጠችውና ከላይዋ የእኔን ፊት አየች። «አክስቴ፣ ነጠላሽን ብትለቂው እኮ ይሻላል» አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እጄን ፈትቼ መሬት ላይ ላቆማት አልቻልኩም፤ ፈቃደ መጥቶ ነው ያላቀቀን።

እሑድ ጠዋት ሀጂራና አሮጊቷ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው እንደ ሌባ አስቀመጡኝ። ልጆቹ ክምሩን ሠሩ። ዘርትሁን ጫፍ ወጣች፤ ወደ በሩ አላየችም፣ ወደ እኔ አየች። በሩ አጠገቤ አልነበረም፤ ቢኖርም አልወጣም ነበር። «ተቀባይ!» «አለን!» ነጠላችንን ነከስን። ልጅሽ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ ሄደች፣ አዳራሹ ከእነ ትንፋሹ ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ መሃል አንድ ድምፅ ብቻ «እኔን!» አለ።

ክንዴን የያዙት ሁለቱም ወደ እኔ አፈጠጡ። «እኔ አይደለሁም!» አልኩ፣ ነጠላውን ተፍቼ። አልነበርኩም! ባለ መነጽሯ መራጭ ናት፤ ከወንበሯ ብድግ ብላ አንድ እጇን ወደ መድረኩ ዘርግታለች። ልጅሽ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል በአራቱ ተቀባዮች ክንድ ላይ ደህና አርፋለች። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ድምፁን ሰምታ አልደነገጠችም፣ አገጯን አላነሣችም፣ እጇን አልዘረጋችም። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ጠረጴዛው ላይ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው አቀርቅራ ቀረች። አንገቷ ቀልቷል። ያን ቅላት አውቀዋለሁ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እኔ ነኝ ለብሼው የምዞረው።

ከዚያ በኋላ እልልታው ጣራውን አነሣው። ስሞቹ ተጠሩ። ዘርትሁን ከመድረኩ ወርዳ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው።

የእኔ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም። አሰላ ውስጥ አዲስ ስም ወጥቶልኛል። ስሄድ ልጆች «እኔን! እኔን!» እያሉ ይከተሉኛል። ባለ ጋሪዎቹም ለምደውታል፤ ፈረሳቸው ሲያደናቅፈው ወደ እኔ ዞረው «እትዬ ብርቄ፣ እኔን በይለት እንጂ!» ይሉኛል። ሀጂራ «ሲጠሩሽ አቤት በይ፣ ያልፋል» ትለኛለች። ይለፍ። እኔን የሚቆጠቁጠኝ የእነሱ ሳቅ አይደለም። ልጅቷን ሰጥተሽኝ፣ እኔ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይዤያት፣ ምን ያህል እንደምትችል ሳላይ መኖሬ ነው። አደራሽን የጠበቅሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።

አሁን የቀረው የእናንተ ነገር ነው። ጋሼ ሣህሌ «ሴት ልጅ ሰው ትከሻ ላይ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሱሪውንም ይጠይቁሻል፤ ሰፊ አድርጌ ነው የሰፋሁት በያቸው። ዘርትሁን ቁርጡን ነግራናለች፦ «እናቴና አባቴ ሳያዩኝ አልሄድም፤ አይተው እምቢ ካሉ እቀራለሁ» ብላለች። ፈቃደ ቢለምናት፣ ጓድ ጉደታ ቢቆጣት ንቅንቅ አላለችም። በወሬ እምቢ እንዳትሉብኝ ነው የምለምናችሁ። በደብዳቤ የሚታይ ነገር አይደለም። እኔ እዚያው እያለሁ እንኳ ስንት ጊዜ አላየሁትም! አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ነይ፤ ነጠላ መንከስ አሳይሻለሁ። የክትሽን አይደለም፣ ወፍራም የሆነውን ያዢ።

ልጆቹ ሳይሄዱ ቀበሌው መሸኛ ያደርግላቸዋል፤ ያው ክምር እንደገና ይቆማል። የሁሩታ ዘመዶቻችንንም፣ የኢተያ የክርስትና እናቷንም ጠርቻለሁ። ሀጂራና እኔ በግ ለሁለት እንገዛለን፤ እሷ በቤቷ ታሳርዳለች፣ እኔ በቤቴ፤ ማንም ጾሙን አያድርም።

እህትሽ
ብርቄ ገብረወልድ

ውይ! ቀኑን ሳልነግርሽ ላሽገው ነበር! እሑድ ግንቦት 23 ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የቀበሌያችን አዳራሽ። የሰኔ ጾም ሳይገባ። ጋሼ ሣህሌ ወገቤን ቢሉ ፊት ወንበር ይዤላቸዋለሁ፤ ጎረቤቶችሽንም አስከትዪ፣ ማንም እንዳይቀር፦ እሑድ፣ ግንቦት 23።